ፀጉርሽን ማን ይሠራልሻል?

ፓስፖርቱ አለ። ቪዛው መጥቷል። የሁለት ዓመቱ ኮንትራት ተፈርሟል። ሻንጣው ተመዝኖ፣ ኪሎው አልፎ፣ ከበርበሬው ተቀንሶ፣ እንደገና ተመዝኗል። ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አየር ጤና፣ አክስቴ ቤት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ በጣቷ የምትቆጥረው የአክስቴ ልጅ ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ዓረብ አገር ትበራለች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሹሩባ መሠራት።

የሚሠሯት፣ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ «እማማ» የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ለጥምቀትም ለሠርግም እኔንና እህቶቼን ሲሠሩን የኖሩት እሳቸው ናቸው። ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ ልጅቷን ጉልበታቸው መሐል አስገብተው፣ በሚዶው ጫፍ መስመር ማውጣት ጀመሩ።

«እማማ፣ ጠበቅ ያድርጉልኝ እሺ? እንዲቆይልኝ ነው።»

«ስንት ጊዜ እንዲቆይልሽ?»

«እንግዲህ የምሄደው ለሁለት ዓመት ነው» ብላ ሳቀች።

እማማ አልሳቁም። «ሹሩባ ሁለት ወርም አይቆይ የኔ ልጅ። እዚያ ስትደርሺ ፀጉርሽን ማን ይሠራልሻል?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ስለ ደመወዙ፣ ስለ አሠሪዋ፣ ስለ ሲም ካርዱ ስንት ቀን ሙሉ ሲወራ ይቺን ጥያቄ ማንም አላነሳትም ነበር።

ነገሩን ልብ በሉት። እኛ አገር ፀጉር የሚሠራው በሰው እጅ ነው። ልጅ ሆነን እናታችን፣ ትንሽ ከፍ ስንል እህታችን ወይም ጎረቤት፣ ሥራ ስንይዝ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ፀጉር ቤት። ካስክ ሥር ተቀምጠን ወሬውን እየሰማን ቆንጆ ሆነን እንወጣለን። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ክፋት የለውም። ግን አብዛኞቻችን የራሳችንን የማጅራት ፀጉር በራሳችን እጅ ከፍለን፣ ፈትተን፣ ጎንጉነን አናውቅም።

ጉዞው የአንድ ሳምንት ከሆነ ችግር የለውም። ወራት ሲሆን ግን፣ በኮንትራት ለሚሄደውም፣ ሩቅ ክልል ዩኒቨርሲቲ ለደረሰውም፣ የመስክ ሥራ ለወጣውም ሻንጣ ውስጥ የማይገባው ነገር ይታወቃል፤ የእናት እጅ።

እኔን ያገኘኝ

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ለአምስት ወር መስክ ወጥቼ ነበር። መጀመሪያ አፋር፣ ከዚያ ጋምቤላ። ከመሄዴ በፊት ወደ አንድ ፀጉር ቤት ገብቼ ወገቤ የሚደርስ ራስታ አስቀጠልኩ። ያልኩት ቃል አሁንም ትዝ ይለኛል፤ «በደንብ አጥብቂልኝ፣ ብዙ ስለምቆይ።» ልጅቷ ያልኳትን አደረገች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች በእንቅልፍ ኪኒን ሳይሆን በራስ ምታት ኪኒን ነው ያሳለፍኩት። ግንባሬ ተወጥሮ ቅንድቤን ማንሳት አቅቶኝ ነበር። የፀጉሬ መነሻ ላይ ትንንሽ ብጉር የሚመስሉ ነገሮች ወጡ። «ይለምደዋል» አልኩ። በኋላ ሲላላ ደግሞ መፍታት ፈራሁ፤ ብፈታው መልሼ የምሠራበት እጅ የለኝማ! ስድስት ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ ሦስት ወር አለፈ። ከሥር ያደገው ፀጉሬ ከአቧራና ከላብ ጋር ተያይዞ ቋጠሮ ሠራ።

አዲስ አበባ ተመልሼ እናቴ ስትፈታልኝ፣ ከጆሮዬ በላይ ያለው ስስ ፀጉር ከራስታው ጋር አብሮ መጣ። እናቴ ምንም አላለችም። የወጣውን ሰብስባ በጨርቅ ቋጠረችው።

የቆዳ ሐኪሟ ነገሩን በቀላል ቋንቋ አስረዳችኝ። ፀጉር ለረዥም ጊዜ ሲጎተት ሥሩ ይጎዳል። ቶሎ ከተደረሰበትና መጎተቱ ከቆመ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ለዓመታት ከተደጋገመ ግን ሥሩ ያለበት ቦታ ጠባሳ ይሆንና ፀጉሩ እስከ መጨረሻው አይመለስም። ግንባር ላይ፣ ከጆሮ በላይ፣ ማጅራት ላይ ያለው ስስ ፀጉር የመጀመሪያው ተጎጂ ነው። የኔ አብዛኛው ተመልሷል። ግራዬ ግን እስከ ዛሬ ሳሳ ያለ ነው፤ ሻሽ ሳስር እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ስህተቴ ሦስት ነበር፤ ጠበቀ፣ ከበደ፣ ቆየ። ሁሉም የመጡት ግን ከአንድ ፍርሃት ነው። ራሴ መሥራት ስለማልችል የሰው እጅ ሥራ እንዳይፈርስብኝ ፈርቼ ነበር።

ሹሩባ ድሮም የመንገድ ፀጉር ነበር

ሹሩባን የበዓል ጌጥ ብቻ አድርገን የምናስብ ብዙ ነን። የአፄ ቴዎድሮስንና የአፄ ዮሐንስ 4ኛን ሥዕል አስታውሱ። ፀጉራቸው ወደ ኋላ የተጎነጎነ ነው። ዕድሜያቸውን በድንኳንና በዘመቻ ያሳለፉ፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲጓዙ የኖሩ ነገሥታት ናቸው። ሹሩባው የጀግንነትም የክብርም ምልክት ነበር። ከዚያ በላይ ግን አቧራ፣ ንፋስና የሳምንታት ጉዞ የሚችል ፀጉር ነው።

የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር እንዲያውም ከባለቤቱ በላይ ተጉዟል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ከፀጉራቸው የተቆረጠው ቁራጭ በእንግሊዞች እጅ ወደ ለንደን ተሻገረ። ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ ለመንግሥታችን የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከ150 ዓመት በላይ በባዕድ አገር ኖረ ማለት ነው። አንድ ቁራጭ ፀጉር ለማስመለስ አገር የሚጠይቅ ከሆነ፣ ፀጉር ተራ ነገር አይደለም።

ጎፈሬም የራሱ ታሪክ አለው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን ዱር የገቡት አርበኞች ፀጉራቸውን አጎፍረው የኖሩት መቀስም ጊዜም በሌለበት ቦታ ነው።

ቆላ ውረዱ ደግሞ። ከብቱን ተከትሎ የሚጓዘው የአፋር ጎልማሳ ፀጉሩን በቅቤ ያበጃል። የሐመር ሴቶች በቅቤና በቀይ አፈር ያሹታል። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የተሠራ ፀጉር ሌሊት እንዳይበላሽ ከእንጨት የተጠረበ የራስ ማስደገፊያ ነበር። ማየት የፈለገ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይሂድ።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ስታዩዋቸው ሦስት ነገር ያደርጋሉ። ፀጉሩን ይሰበስቡታል፣ ያወዙታል፣ ሌሊት ይጠብቁታል። ዛሬ ቲክቶክ ላይ በመቶ ዓይነት ቅባት የሚሸጥልን ምክር ሲጨመቅ ከዚህ ብዙም አያልፍም።

ፀጉራችን ለምን ቶሎ ይደርቃል?

ራስ ቅላችን የራሱን ቅባት ያመነጫል። ዘርጋ ያለ ፀጉር ላይ ያ ቅባት ከሥር እስከ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል። የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን እያንዳንዱ መጠምዘዣ እንደ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ቅባቱ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ሥሩ ወዝ እያለው ጫፉ የሚደርቀው ለዚህ ነው። የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ደካማ ቦታ ነው፤ ደርቆ ሲበጠር የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

«ፀጉሬ አያድግም» የምትሉም ስሙ። የሰው ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። የናንተም ያድጋል። ከሥር የሚያድገውን ያህል ከጫፍ ሲሰበር ግን ባለበት የቆመ ይመስላል። ጉዞ ላይ ዓላማችን ማሳደግ ሳይሆን ያለውን አለመስበር መሆን አለበት።

ሌላው ሰው የሚሳሳተው ቅባትንና እርጥበትን አንድ ማድረጉ ላይ ነው። ቅባት ውሃ አይደለም። የቅባት ሥራ ፀጉሩ ውስጥ የገባው ውሃ ቶሎ እንዳይወጣ መክደን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቅባት። ደረቅ ፀጉር ላይ ቅባት ብቻ መደራረብ ባዶ ድስት መክደን ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ሊሄዱ ሳምንት ሲቀራቸው ሪላክሰር የሚገቡ አሉ። «እዚያ እንዳያስቸግረኝ» ይላሉ። አምስት ወር ቆይታችሁ አስቡት። ከሥር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የተፈጥሮ ፀጉር በቅሏል፣ ከላይ የተዘረጋው አለ። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ፀጉሩ ይሰበራል። አዘውትሮ የሚያስገባ ሰው ከሌለ አለመጀመሩ ይሻላል።

ራስታ ወይም ሹሩባ የምትሠሩ ከሆነ ሠሪዋን «አጥብቂልኝ» ሳይሆን «አላላልኝ» በሏት። ያልተለመደ ነገር ስለሆነ ትስቅ ይሆናል፤ ትሳቅ። ሲሠራ የሚያም ሹሩባ ጠብቋል ማለት ነው፤ በቃ። ብጉር ካወጣ፣ ራስ ምታት ካመጣ፣ የዚያኑ ቀን ይፈታ። ርዝመቱን ትከሻ ላይ አቁሙት፤ የሚቀጠለው ዊግ ክብደቱን የሚሸከመው የናንተ ሥር ነው።

የቆይታውን ቀን ስልካችሁ ካላንደር ላይ መዝግቡት። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በቂ ነው። ሲፈታ የሚወጣው ፀጉር ደግሞ አያስደንግጣችሁ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ሹሩባ ውስጥ ሲሆን የረገፈው መውደቂያ ስለሌለው እዚያው ይቆያል። በስድስት ሳምንት ከ2,100 እስከ 4,200 ይሆናል ማለት ነው። እፍኝ ሙሉ ይመስላል እንጂ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ከግንባር ወይም ከጆሮ በላይ ባዶ ቦታ ከታየ ነው።

አጭር መቆረጥም መፍትሔ ነው። ፀጉሯን ተቆርጣ የምትሄድ ሴት አላነሰችም፤ አንድ ሥራ ቀነሰች እንጂ። ዋናው ነገር መቀሱን የምታዝዘው እሷ መሆኗ ነው። ከዓረብ አገር ከተመለሱ ሴቶች ሳይወዱ ፀጉራቸውን ተቆርጠው የነበሩ እንዳሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚነግሩኝ ስለ ረሃቡና ስለ ድካሙ ሲያወሩ ሳያለቅሱ ነው፤ ፀጉሩ ጋ ሲደርሱ ነው ድምፃቸው የሚሰበረው።

ሻንጣው ውስጥ

ብዙ ነገር አያስፈልግም። ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ ማበጠሪያ፣ ውሃ መርጫ ትንሽ ጠርሙስ፣ ብረት የሌለው የፀጉር ላስቲክ፣ ሁለት የሳቲን ሻሽ፣ አንድ ኮንዲሽነር፣ አንድ ቅባት። ሳቲን የምለው ለቅንጦት አይደለም። የጥጥ ትራስ ፀጉሩን ይፈትገዋል፣ እርጥበቱንም ይመጠዋል። የድሮው የእንጨት ማስደገፊያ የሠራውን ሥራ ዛሬ ሻሹ ይሠራዋል።

ለጋ ቅቤ? አውቃለሁ፣ ሁላችንም በሱ አድገናል። ለረዥም ጉዞ ግን አልመክርም። ሙቀት ላይ ይቀልጣል፣ ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል። የሰው ቤት ለምትኖር ልጅ ደግሞ ሽታው ሌላ ጣጣ ነው። ጉሎ ዘይት ወይም ሌላ ቀላል ዘይት ይሻላል። ጉሎ ፀጉር ያሳድጋል የሚባለው የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ እርጥበት ለመክደን ግን ጥሩ ነው። በእጅ በሚያዝ ሻንጣ ውስጥ አብዛኞቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽና ቅባት አያሳልፉም። ትልቁን ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት። ፀጉራችሁ ወፍራም ወይም ከላይ የታሰረ ከሆነ ፍተሻ ላይ በእጅ ሊዳበስ ይችላል፤ አትደንግጡ። ለዚያ ቀን ዝቅ ብሎ የተሠራ ፀጉር ይመቻል።

ውሃ በሌለበት፣ ጊዜ በሌለበት

እኛ ኮልፌዎች ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በጀሪካን የመታጠብ ልምድ አለን። መንገድ ላይ ይጠቅመናል። አፋር እያለሁ የተማርኳት ዘዴ አለች። ባዶ ሃይላንድ ወስዳችሁ ክዳኑን በመርፌ ትበሱታላችሁ። ትንሽ ሻምፖ በውሃ አቅጥናችሁ ሞልታችሁ፣ በሹሩባው መስመሮች መሐል ራስ ቅሉ ላይ ብቻ ትጨምቃላችሁ። በጣት ጫፍ አሽታችሁ፣ በሌላ ሃይላንድ ንጹሕ ውሃ ታለቀልቃላችሁ። ሹሩባው ሳይበላሽ ላቡና አቧራው ይሄዳል። ለእንደኛ ዓይነት ፀጉር በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ መታጠብ ይበቃል።

ከዚያ ትዕግሥት። ሳይደርቅ አትሸፍኑት። ይህ በተለይ ሒጃብ ለምታደርጉና ሥራ ቦታ ፀጉር መሸፈን ለሚጠበቅባችሁ ነው። እርጥብ ፀጉር ላይ ቀኑን ሙሉ ሻሽ ሲታሰር ያሳክካል፣ ሽታ ያመጣል፣ በቀላሉም ይሰበራል። የሚመቸው ማታ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሳቲን ታስሮ መተኛት ነው። ሻሹንም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አታጥብቁት፤ ቋጠሮው ሲደጋገም እሱም ይጎትታል።

አየሩም ይለያያል። ሰመራ ደረቅና ሙቅ ነው፤ ፀጉር ላይ ያለው ውሃ ወዲያው ይተናል። ጋምቤላ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ነው፤ ፀጉር ያብጣል፣ ላብ ይበዛል። ስለዚህ ሰመራ ቅባቱን ጨመር፣ ጋምቤላ ቀነስ። ዓረብ አገር ውጪው ሙቀት ቢሆንም ቀኑን ሙሉ የምትኖሩት ኤሲ ውስጥ ነው፣ ኤሲ ደግሞ አየሩን ያደርቃል። እንደ ሰመራ ቁጠሩት።

«ውሃው ፀጉሬን ነቀለው»

ከዓረብ አገር የሚደወል ስልክ ላይ ይህን ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ውሃ ፀጉር ማድረቅ ይችላል። የደረቀ ፀጉር ደግሞ ይሰበራል። ግን ልዩነቱን እዩ። አጭር ቁርጥራጭ ከሆነ የሚወድቀው ተሰብሯል፤ እርጥበትና ኮንዲሽነር ይረዳዋል። ሙሉው ከሥሩ ከሆነና ከራስ ሁሉ ላይ ከሆነ የሚረግፈው፣ ምክንያቱን ከቧንቧው ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሰውነት ከባድ ነገር ሲደርስበት፣ ማለትም ኃይለኛ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ በፍጥነት መክሳት፣ ከባድ ጭንቀት፣ ብዙ ፀጉሮች በአንድ ጊዜ ማደጋቸውን ያቆማሉ። መርገፉ ግን የሚታየው ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ነው። አስቡት፤ አንዲት ልጅ ቤተሰቧን ተለይታ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ አልስማማ ብሏት ወር ታሳልፋለች። በሦስተኛው ወር ለመድኩ ስትል ፀጉሯ ይረግፋል። «ውሃው ነው» ትላለች። የረገፈው ግን የመጀመሪያው ወር ለቅሶዋ ሊሆን ይችላል። የብረት ማዕድን እጥረትም ፀጉር ያረግፋል።

ይህን የምነግራችሁ ሁለት ነገር ስላለው ነው። አንደኛ፣ ይህ ዓይነቱ መርገፍ ምክንያቱ ሲወገድ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ተስፋ አትቁረጡ። ሁለተኛ፣ እህታችሁ ደውላ «ፀጉሬ እየረገፈ ነው» ስትላችሁ ስለ ሻምፖ ከመጠየቃችሁ በፊት «ትበያለሽ? ትተኛለሽ? ደኅና ነሽ?» በሏት።

ወንዶችስ?

ጎፈሬና ድሬድ ያላችሁ አልተረሳችሁም። ከላይ ያለው ሁሉ ለናንተም ነው፤ ድሬድም ሲከብድና ጥብቅ ብሎ ከኋላ ሲታሰር ግንባር ይበላል። ለናንተ የምጨምረው የቶንዶሱን ነገር ነው። መንገድ ላይ ባገኛችሁት ፀጉር ቤት ከመላጨታችሁ በፊት ማሽኑ መጽዳቱን ጠይቁ። ጭርት በማሽን፣ በማበጠሪያና በኮፍያ ይተላለፋል። ራስ ላይ የወጣ ጭርት ደግሞ በቅባት ብቻ አይድንም፤ በሐኪም የሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው ካላችሁ፤ ክብ ሆኖ የተላጠ ቦታ ካያችሁ፣ ራስ ቅላችሁ መግል ከያዘ ወይም ካመመ፣ ግንባራችሁ ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ወራት ያለፈው መርገፍ ካለ። ሰፈራችን በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ በቆዳ ሕክምና ከአገር ዳር ሰው የሚመጣበት ነው። የራስ ቆዳም ቆዳ ነው። ከጉዞ በፊት ጎራ ማለት ያዋጣል።

የእማማ ትምህርት ቤት

ወደ አክስቴ ቤት ልመልሳችሁ። እማማ ያን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የጀመሩትን መስመር ፈቱት። «ተነሺ» አሉ። ዱካውን ለልጅቷ ሰጥተው እሳቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን አወለቁ፣ ሽበታቸውን ዘረገፉ። «መጀመሪያ እኔን ሥሪ።»

በዚያች ማታ የአክስቴ ልጅ የእማማን ራስ ሠራች። በማግስቱ የራሷን ጀመረች። ሹሩባ ሲከብዳት እማማ ቀላሉን አሳዩዋት። ፀጉሩን እርጥብ እያለ ስድስት ቦታ መክፈል፣ ከማጅራት መጀመር፣ እያንዳንዱን ለሁለት ከፍሎ እርስ በርሱ መጠምዘዝ። ቋጠሮ ሲገጥም ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር መፍታት እንጂ ከሥር አለመጎተት። የኋላዋን ማየት ሲያቅታት እኔ በስልኳ ቪዲዮ ቀረጽኩላት፤ የእማማን እጅ አጠገብ ሆኜ፣ ቀስ አድርጌ። ኢንተርኔት በሌለበትም እንድታየው ስልኳ ላይ ተቀመጠ። የፊት ካሜራው መስታወት ሆነላት። ሦስተኛው ቀን ላይ ክንዷ ዝሎ፣ ሁለት ጊዜ ተበሳጭታ፣ አንዴ አልቅሳ፣ ጨረሰች። ቦሌ የሸኘናት በራሷ እጅ በተሠራ ፀጉር ነው።

አንድ ቀን ማታ፣ ከሄደች ሰባተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው። ከጀርባዋ ነጭ ግድግዳ፣ ራሷ ዞራ ማጅራቷን ታሳያለች። ድምፅም ልካለች፤ «ፈትቼ አጥቤ መልሼ ሠራሁት። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። መስመሩ ጠማማ ነው አይደል? ግን አላመመኝም። ለእማማ አሳያቸው… አሳዪልኝ ማለቴ ነው፣ እንቅልፌ መጥቷል።»

ወስጄ አሳየኋቸው። እማማ ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ በሁለት ጣታቸው አጉልተው መስመር በመስመር መረመሩት።

«ጠማማ ነው» አሉ። ስልኩን ግን ቶሎ አልመለሱልኝም። «አላላታዋለች። ጎሽ።»

ቸር ያሰማን!